የተረጋጋች አይጥ ወይስ የፈዘዘች አይጥ? በዕፅዋት ፀረ-ጭንቀት ሙከራ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ ፋርማኮሎጂ ለሚማር ሰው የመመረቂያ ርዕስ ብዙም አይቸግርም። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ከቅጠልና ከሥር ሻጮቹ ፊት መቆም ነው። ይህ ለሆድ፣ ያ ለምች፣ ያኛው ደግሞ ሌሊት ለሚባንን ሰው ይባላል። ከተማው ከጥንት ጀምሮ የደብተራና የዕፀ መድኃኒት አገር ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ደግሞ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ተማሪዎቹም እነዚህን ቅጠሎች በአይጥ ላይ ይፈትሻሉ።

ሂደቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በ80 በመቶ ሜታኖል ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ እንደገና ይደርቃል፤ የሚቀረው ኤክስትራክት ይባላል። ከዚያ በኪሎ 100፣ 200 እና 400 ሚሊግራም ተብሎ ለነጫጭ ስዊስ አልቢኖ አይጦች በአፍ ይሰጣል። ለማነጻጸሪያ ዳያዚፓም የተባለው የታወቀ የጭንቀት መድኃኒት አለ። መፈተኛው አብዛኛውን ጊዜ ፕላስ ሜዝ ነው። ከዚያ ግራፍ፣ ከግራፉ በላይ ኮከብ (ልዩነቱ የአጋጣሚ አይመስልም የሚል የስታቲስቲክስ ምልክት)፣ ከኮከቡ በታች «ፀረ-ጭንቀት ውጤት አሳይቷል» የሚል መደምደሚያ ይመጣል።

ጣጣው፣ ቅጠሉ ምንም ሳይሠራም እዚህ መደምደሚያ ላይ መድረስ ይቻላል። ቅጠሉ በትክክል ሠርቶም ሳይታይ ሊቀር ይችላል። አይጥ «ቀለል አለኝ» አትልም። የምናየው እግሯ ወዴት እንደሄደ ብቻ ነው። እግሯን የሚያስኬደውና የሚያስቆመው ነገር ደግሞ ብዙ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ይመነጫሉ። (የጥናቶቹ ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍዘትን መረጋጋት ብሎ መቁጠር

ትልቁ ስህተት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ፕላስ ሜዝ የመደመር ምልክት ቅርጽ ያለው መድረክ ነው። ለአይጥ በተለመደው ልክ እያንዳንዱ ክንድ 30 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 5 ሴንቲሜትር ስፋት አለው። ከመሬት ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሁለቱ ክንዶች ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱ ጠርዛቸው ገደል ነው። አይጥ በተፈጥሮዋ ገላጣና ከፍታ ትፈራለች፤ አዲስ ቦታ ማየትም ትፈልጋለች። አምስት ደቂቃ ትለቀቃለች። ጭንቀቷ ከቀለለ ክፍቱ ክንድ ላይ ብዙ ትወጣለች፣ ብዙም ትቆያለች። ፔሎውና ባልደረቦቿ በ1985 በትልልቆቹ የላቦራቶሪ አይጦች ላይ፣ ሊስተር በ1987 በትንንሾቹ ላይ መለኪያው እንደሚሠራ ካሳዩ ወዲህ በዓለም ዙሪያ እጅግ ተዘውታሪ ሆኗል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሩ ለማስረዳት የተፈጠረ ነው። ማሟሚያ ብቻ የወሰደችው አይጥ በአምስት ደቂቃ 12 ጊዜ ክንዶቹ ውስጥ ገባች እንበል። ከ12ቱ ውስጥ 3ቱ ክፍት ክንድ ናቸው። ያ 25 በመቶ ነው። ኤክስትራክት የወሰደችው ግን በጠቅላላው 4 ጊዜ ብቻ ገባች። ከእነሱ 2ቱ ክፍት ናቸው፤ 50 በመቶ። ግራፉ ላይ ውጤቱ እጥፍ ሆነ! ተማሪው ደስ አለው፣ አማካሪውም ደስ አለው።

እስቲ ጥሬ ቁጥሩን ተመልከቱት። አይጧ ክፍቱ ክንድ ላይ የወጣችበት ብዛት ከ3 ወደ 2 ወርዷል። ጠቅላላ እንቅስቃሴዋ ደግሞ በሦስት እጥፍ ቀንሷል። ይህች አይጥ አልተረጋጋችም፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሏታል። ክፍቱ ክንድ ላይ ወጥታ እዚያው ፍዝዝ ካለች ደግሞ የቆይታ ጊዜዋም አብሮ ይረዝማል። በፍርሃት ድርቅ ብላ የቀረችም እንደዚሁ ትቆጠራለች። መቁጠሪያ ሰዓቱ ለምን እንደቆመች አያውቅም።

ተቃራኒውም አለ። አነቃቂ ነገር የወሰደች አይጥ ሁሉም ጋ ትሮጣለች። ዝጉም ክፍቱም ክንድ ቁጥሩ አብሮ ይጨምራል። ክፍቱን ብቻ መርጦ የዘገበ ሰው አነቃቂን ማረጋጊያ አድርጎ ያቀርበዋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ወደ ዝግ ክንድ የገባችበትን ቁጥር ሁልጊዜ አብራችሁ ዘግቡ፤ የእንቅስቃሴዋ ጥሩ መለኪያ እሱ ነው። መቶኛውን ብቻ አታሳዩ፣ ጥሬ ቁጥሩንም አሳዩ። በሌሎች አይጦች ላይ የኦፕን ፊልድ ሙከራ ሥሩ። ካልቪን ሆል በ1934 ካስተዋወቀው ጀምሮ ያለ ሙከራ ነው፤ ገላጣ ሳጥን፣ ወለሉ በካሬ የተከፋፈለ፣ ሌላ ውድ ነገር አይጠይቅም። የሚሽከረከረው ዘንግ፣ ሮታሮድ፣ ካላችሁ ደግሞ ጡንቻዋና ሚዛኗ መላላቱን ይነግራችኋል።

ውጤቱ የታየው እንቅስቃሴ በወረደበት ዶዝ ላይ ብቻ ከሆነ «ይህ ቅጠል ያፈዛል» ብላችሁ ጻፉ። በእኔ እምነት ይህ የሚያሳፍር ግኝት አይደለም። ለእንቅልፍ የሚረዳ ቅጠል ማግኘትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሚያሳፍረው ስሙን ቀይሮ ማቅረቡ ነው።

ቅጠሉን በስሙ ብቻ ማመን

ገበያ ላይ የሚነገር ስም መነሻ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። አንዱ ስሚዛ የሚለውን ሌላው ሰንሰል ይለዋል፤ ተክሉ ያው አንድ ነው። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሁለት ተክል በአንድ ስም ሲጠራ ነው። ዕፀ ፋርስ የሚለው ስም በአንዱ አፍ ካናቢስ ነው፣ በሌላው አፍ አስተናግር ነው። አስተናግር ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አሉ። የዓይን ብሌን የሚያሰፉ፣ አፍ የሚያደርቁ፣ ሰውን የሚያቃዡ ናቸው። በዚህ ቅልቅል የተጀመረ ሙከራ የት እንደሚደርስ አስቡት።

ስለዚህ ከአበባው ወይም ከፍሬው ጋር ናሙና ቆርጣችሁ በጋዜጣ መሀል አድርቁ። የዕፅዋት ባለሙያ ለይቶ ይንገራችሁ። ናሙናው ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ ቤት፣ ይግባ፣ ቁጥር ይሰጠው፣ ቁጥሩ ጽሑፋችሁ ላይ ይስፈር። የተሰበሰበበት ቦታና ወርም ይጻፍ። የመስከረም ቅጠልና የየካቲት ቅጠል በውስጣቸው የያዙት ኬሚካል እኩል አይሆንም። በነገራችን ላይ ክረምት ላይ ቅጠል ለማድረቅ አትሞክሩ ባልል እንኳ፣ ብትሞክሩ በየቀኑ አገላብጡት። የጎንደር ሐምሌ ከቅጠሉ ቀድሞ ሻጋታውን ያበቅላል። ከዚያ የምትፈትኑት ሻጋታውን ይሆናል።

ሰው የሚጠቀመው ሌላ፣ አይጧ የምትወስደው ሌላ

ገበያ ውስጥ አንዷን ሻጭ «ለጭንቀት የሚሆን አለሽ?» ብትሏት ዝም ብላ ቅጠል አታነሳም። «እታለም፣ ለማን ነው? ሌሊት ነው ወይስ ቀን የሚይዘው? ልቡን ነው ራሱን?» ትላለች። ከዚያ ይህን ቀቅለሽ፣ ያንን አጭሰሽ ትላለች። እነዚህ መልሶች ደብተር ላይ መስፈር ነበረባቸው። ብዙ ጊዜ ግን የሚሰፍረው የቅጠሉ ስም ብቻ ነው።

ግዛዋን ውሰዱ። በኛ አገር ብዙ ጊዜ ጭሱ ነው የሚፈለገው፤ ለቡዳና ለመንፈስ ጣጣ ይታመንበታል። ይኸው ተክል ህንድ ውስጥ አሽዋጋንዳ ይባላል፤ እዚያ በዋናነት የሚወሰደው ሥሩ ነው። በሰው ላይ ለጭንቀት የተሠሩት ጥናቶችም በብዛት የሥሩን ኤክስትራክት የተጠቀሙ ናቸው። አሁን አንድ ተማሪ የጎንደርን ቅጠል በሜታኖል ዘፍዝፎ በአፍ ይሰጥና፣ መግቢያው ላይ ለሚጨስ ባህላዊ አጠቃቀም፣ ማብራሪያው ላይ ስለ ህንዱ ሥር ይጽፋል። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ለሌላው ምስክር አይሆንም።

ሜታኖል መጠቀም ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ ዓይነት ኬሚካል ስለሚያወጣ ለመጀመሪያ ፍተሻ ጥሩ ነው። ግን ሰዉ በውሃ አፍልቶ የሚጠጣው ከሆነ ከጎኑ የውሃውንም ፈትኑ። የሚጨስ ከሆነ ደግሞ «የባህል አጠቃቀሙን አረጋገጥን» የሚለውን አረፍተ ነገር ተዉት።

ማሟሚያውን እንደ ውሃ ማየት

ኤክስትራክቱ በውሃ አልሟሟ ሲል ትዊን 80 ወይም ዲ.ኤም.ኤስ.ኦ. የተባለ ማሟሚያ ይጨመራል። ኮንትሮል ቡድኑ፣ ማለትም ቅጠሉን የማይወስደው ማነጻጸሪያ ቡድን፣ ግን የተጣራ ውሃ ይወስዳል። ይህ ቀጥ ያለ ስህተት ነው። ኮንትሮሎቹ ያንኑ ማሟሚያ፣ በዚያው መጠን፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት መውሰድ አለባቸው። በአልኮል የተዘጋጀ ቲንክቸር የምትፈትኑ ከሆነማ የበለጠ ተጠንቀቁ። አልኮል ራሱ ፕላስ ሜዝ ላይ አይጥን ደፋር ያደርጋል። ይህን ጎንደር ላይ ለማስረዳት ላቦራቶሪም አያስፈልግ፤ የአረቄ ቤት ማምሻ ይበቃል።

ዳያዚፓምም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙዎች ከአምፑል ቀድተው ሆድ ውስጥ በመርፌ ይሰጡታል፤ ኤክስትራክቱ ግን በአፍ በቱቦ ይገባል። አንዷ አይጥ ተወጋች፣ ሌላዋ ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ገባባት። ውጥረቱ እኩል አይደለም፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ የሚደርስበት ጊዜም ይለያያል። መንገዱን አንድ አድርጉ። ካልሆነም ለእያንዳንዱ መንገድ የራሱ ኮንትሮል ይኑረው። ሌላው፣ ዳያዚፓም በውሃ በደንብ አይሟሟም። የአምፑሉ መድኃኒት በውሃ ሲቀጥን ሊደፈርስ ይችላል፣ ከዚያ ወደ ታች ይዘቅጣል። ሳትነቀንቁ ከቀዳችሁ የመጀመሪያዋ አይጥና የመጨረሻዋ አይጥ የተለያየ ዶዝ ይወስዳሉ።

ዶዙንም አታብዙት። በኪሎ 1 ሚሊግራም አካባቢ የተለመደ ነው። ከፍ እያለ ሲሄድ እሱም ያፈዛል፣ ማነጻጸሪያነቱ ይቀራል። ዳያዚፓም የወሰዱት አይጦች ከኮንትሮሎቹ ካልተለዩ ደግሞ የዚያ ቀን ሙከራ አልሠራም ማለት ነው። «ዳያዚፓም ባይሠራም ቅጠላችን ሠርቷል» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ገጹን ገልብጡት።

ከመፈተኗ በፊት ማስጨነቅ

ይህንንም ረዘም አድርጌ ብናገር ይሻላል። ጭንቀት የምንለካ ሰዎች ጭንቀቱን ራሳችን ይዘን ወደ ክፍሉ እንገባለንና።

መጀመሪያ እጃችን። አይጥን በጅራቷ አንጠልጥሎ ማንሳት የብዙ ላቦራቶሪ ልማድ ነው። ኸርስትና ዌስት በ2010 ባወጡት ጥናት በጅራት የሚያዙ አይጦች በእጅ መዳፍ ወይም በቱቦ ከሚያዙት ይልቅ ጭንቀታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የሚገርመው መፍትሔው ዋጋ የለውም። የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የሚተርፈው የካርቶን ቱቦ ይበቃል። ጎጇቸው ውስጥ አኑሩት፣ ራሷ ስትገባበት ቱቦውን አንሱ። ከሙከራው በፊትም ለጥቂት ቀናት እጃችሁን ይልመዱ።

ቀጥሎ ሽታችን። በ2014 የሞንትሪያል ተመራማሪዎች አይጦች የወንድ ሰው ሽታ ሲደርሳቸው የውጥረት ምላሽ እንደሚያሳዩ ዘግበዋል። ያ ማለት ወንዶች አይሥሩ ማለት አይደለም። ሰኞ ኮንትሮሉን አንድ ሰው፣ ማክሰኞ ኤክስትራክቱን ሌላ ሰው ከፈተነው ግን የለካችሁት ሰዎቹን ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ይሥራው፣ ወይም በየቀኑ ከሁሉም ቡድን እኩል ይፈተን። ሽቶም ይቅር። በአንዷና በቀጣይዋ አይጥ መሀል መድረኩ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ፣ እስኪደርቅም ይጠበቅ። ቀድማ የነበረችው በፍርሃት የሸናችበት ቦታ ለቀጣይዋ ማስጠንቀቂያ ነው።

ድምፅና ብርሃንም አሉ። አይጦች ማታ የሚነቁ እንስሳት ናቸው። የአሥራ ሁለት ሰዓት ብርሃንና የአሥራ ሁለት ሰዓት ጨለማ ሲዛባባቸው ባሕርያቸውም ይዛባል። ጎንደር ደግሞ መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይነገራችሁም። ታይመሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ቆሞ ከዚያ ሲቀጥል፣ በሳምንቱ መጨረሻ የአይጦቹ ሌሊት ከኛ ቀትር ጋር ይገጥማል። ባትሪ ያለው ታይመር ግዙ፣ የጠፋበትን ሰዓትም መዝገብ ላይ ጻፉ። የክፍሉ ብርሃን ደማቅ ከሆነ ሁሉም ዝጉ ክንድ ውስጥ ይደበቃሉ፤ በጣም ደብዛዛ ከሆነ ደግሞ ኮንትሮሎቹም ይደፍሩና ቅጠሉ የሚያሻሽለው ነገር ያጣል። በሉክስ መለኪያ አንድ ቀን ለክታችሁ ሁልጊዜ እዚያው ላይ አቆዩት።

የቀን መቁጠሪያውንም ተመልከቱ። ከጥር 10 እስከ 12 ከተማው ሁሉ ከበሮና እልልታ ነው፤ ከፋሲለደስ መዋኛ ርቆ ያለ ሰፈር እንኳ አያመልጥም። በነዚያ ቀናት የባሕርይ ሙከራ የሚመድብ ሰው የጎንደር ልጅ አይመስለኝም። ግንባታም ያው ነው። ጎረቤት ሕንፃ ላይ ኮንክሪት የሚቆረጥበት ሳምንት ይለፍ።

ይህን ሁሉ አስተካክላችሁም ውጤታችሁ ከሌላ ላቦራቶሪ ሊለይ ይችላል። ክራብና ባልደረቦቹ በ1999 በሦስት ከተሞች፣ ተመሳሳይ ዝርያ አይጦችን በተመሳሳይ መሣሪያና በተመሳሳይ ሰዓት ፈትነው ነበር። የፕላስ ሜዝ ውጤት ግን ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ተለያየ። ስለዚህ የአዲስ አበባን ጽሑፍ ኮንትሮል ወስዳችሁ ከጎንደር አይጦች ጋር አታወዳድሩ። ኮንትሮል ሁልጊዜ የዚያው ክፍል፣ የዚያው ሳምንት ነው።

አንዷን አይጥ ሁለት ጊዜ ማውጣት

አይጥ ውድ ናትና ቁጠባው ይገባኛል። ግን ፕላስ ሜዝን አንዴ ያየች አይጥ ሁለተኛ አትሆንም። ቦታውን ታውቀዋለች፣ በሁለተኛው ጊዜ ክፍቱን ክንድ የበለጠ ትሸሻለች። ዳያዚፓም እንኳ ያን ጊዜ ውጤቱ ይጠፋል ወይም በጣም ይቀንሳል። ይህ ከታወቀ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። «በመጀመሪያው ቀንና በአሥራ አራተኛው ቀን ፈተንን» ካላችሁ ለአሥራ አራተኛው ቀን ሌሎች አይጦች ያስፈልጋሉ።

በእጅ የመጣችውን ማስቀደም

ካርቶን ውስጥ እጅ ሲገባ መጀመሪያ የምትያዘው አይጥ ቀርፋፋዋ ወይም ለማዳዋ ናት። የመጨረሻዋ የምትሮጠዋና የምትናከሰዋ ናት። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ኮንትሮል፣ የመጨረሻዎቹን ስድስት 400 ሚሊግራም ካደረጋችሁ ቡድኖቹ ሙከራው ሳይጀመር ተለያይተዋል። ዕጣ አውጡ። አንዱን ካርቶን ለአንድ ቡድን ከመስጠት ደግሞ በየካርቶኑ ሁሉም ቡድን እንዲኖር አድርጉ፤ አብረው የሚኖሩ አይጦች ባሕርያቸው ይመሳሰላልና።

የሚቆጥረው ሰው ማን ምን እንደወሰደ አይወቅ። አራቱም እግሮቿ ሲገቡ ነው ገባች የሚባለው፤ ሦስት እግር አስገብታ የተመለሰችን ማን ይፈርዳል? የቅጠሉን ስኬት የሚመኘው ሰው በቅን ልቦናም ቢሆን ያጋድላል። በስልክ ከላይ ቅረጹ፣ ቪዲዮዎቹን በቁጥር ሰይሙ፣ ሥራው የማይመለከተው ጓደኛችሁ ይቁጠርላችሁ። ከመድረኩ የወደቀችን አይጥ ምን እንደምታደርጓትም ሙከራው ሳይጀመር ወስኑ፣ ውጤቱን ካያችሁ በኋላ አይደለም። አራይቭ የተባለው የእንስሳት ጥናት መመሪያ፣ በ2020 የታደሰው፣ እነዚህን ሁሉ በግልጽ ይጠይቃል። የመጽሔት አዘጋጆችም እየጠየቁ ነው።

ስድስት አይጥ፣ ብዙ ኮከብ

ስድስት አይጥ በቡድን ልማድ ነው እንጂ ስሌት አይደለም። የባሕርይ ውጤት በጣም ይበታተናል፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ብዛቱን አስቀድማችሁ አስሉ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ስሌቱን ይይ። አምስት ቡድኖችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በቲ-ቴስት (ሁለት ቡድን በሚያወዳድር የስታቲስቲክስ ፈተና) ማነጻጸር አሥር ፈተና ነው፤ ቅጠሉ ውሃ እንኳ ቢሆን አንዱ ላይ በአጋጣሚ ኮከብ የማግኘት ዕድሉ ከተለመደው 5 በመቶ በብዙ ይበልጣል። ሁሉንም ቡድን በአንድ ላይ የሚያወዳድረውን አኖቫ ሥሩ፣ ከዚያ የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ የሚያሳየውን ተገቢውን የድኅረ ፈተና። የእያንዳንዷ አይጥ ነጥብ ግራፉ ላይ ይታይ።

«ፍላቮኖይድ አለው፣ ስለዚህ በጋባ በኩል ይሠራል»

የቀለም ፈተና ሠርታችሁ ፍላቮኖይድ፣ ታኒን፣ ሳፖኒን የተባሉትን የዕፅዋት ኬሚካሎች አገኛችሁ። መልካም። ፍላቮኖይድ የሌለው ቅጠል ማግኘት ግን ከባድ ነው። የካምሞሚል አበባ ውስጥ ያለው አፒጄኒን ዳያዚፓም የሚይዘውን ቦታ እንደሚይዝ በ1995 ተዘግቧል። ያ ስለ አፒጄኒን ነው፤ የእናንተ ቅጠል የራሱ ማስረጃ ይፈልጋል። ዳያዚፓም በሚሠራበት፣ አንጎልን በሚያረጋጋው ኬሚካል በጋባ በኩል ነው ማለት ከፈለጋችሁ ፍሉማዜኒል ስጡ። ይህ መድኃኒት የዳያዚፓምን ቦታ ይዘጋል። ከእሱ ጋር ሲሰጥ የቅጠሉ ውጤት ከጠፋ ወሬው ጀመረ ማለት ነው። ካልጠፋ ሌላ መንገድ ፈልጉ።

ሌላ መንገድ መኖሩንም አትርሱ። ፕላስ ሜዝ በብዛት የተፈተሸው እንደ ዳያዚፓም ባሉ መድኃኒቶች ስለሆነ እነሱን የሚመስለውን በደንብ ያገኛል። ሐኪሞች ዛሬ ለጭንቀት አዘውትረው የሚያዙት እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለው መድኃኒት ግን በአንድ ዶዝ ላይታይ፣ እንዲያውም ጭንቀቱን ሊያባብስ ይችላል። በሰው ላይም ሳምንታት ይፈልጋል። በአንድ ዶዝ ምንም ያላሳየ ቅጠል ከመጣሉ በፊት በተከታታይ ቀናት ተሰጥቶ፣ የብርሃንና ጨለማ ሳጥንን በመሰለ ሌላ ሙከራም ቢታይ ይመከራል።

ከአይጥ ወደ ሰው መዝለል

«በ2000 ሚሊግራም አልሞቱም፣ ስለዚህ ደኅንነቱ የተረጋገጠ ነው።» ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ቦታ አነበብነው! የተለመደው የአጣዳፊ መርዛማነት ፈተና አንድ ዶዝ ሰጥቶ 14 ቀን መጠበቅ ነው። አንድ ዶዝ ወዲያው አለመግደሉን ይነግራችኋል። ለወራት ሲወሰድ ጉበት ላይ ምን እንደሚያደርግ አይነግርም። ከፓሲፊክ ደሴቶች የመጣው ካቫ የሚባለው ሥር በሰው ላይ ተፈትኖ ለጭንቀት እንደሚረዳ የታየ ነው። በአውሮፓ በሰፊው ከተሸጠ በኋላ ግን የጉበት ጉዳት ሪፖርቶች ተከታተሉና ጀርመን በ2002 ከገበያ አወጣችው።

ዶዙንም አስሉት። በሰውነት ስፋት በሚሠራው ስሌት የአይጥን ዶዝ ወደ ሰው ለመለወጥ ለ12.3 ይካፈላል። በኪሎ 400 ሚሊግራም ለሰው በኪሎ 32.5 ሚሊግራም ይሆናል ማለት ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 2 ግራም ያህል ደረቅ ኤክስትራክት ነው። ከመቶ ግራም ቅጠል 10 ግራም ኤክስትራክት ይወጣል ብንል፣ ሰውየው በአንድ ጊዜ 20 ግራም ደረቅ ቅጠል ያስፈልገዋል። ገበያ የሚሸጠውን እስር ቅጠል ሚዛን ላይ አስቀምጡና አወዳድሩ። ይህ ስሌት ማብራሪያ ክፍሉ ውስጥ ሁለት መስመር ነው የሚወስደው።

መደምደሚያው ላይ «ፀረ-ጭንቀት መሰል ባሕርይ በአይጦች ላይ ታየ» በሉ። መሰል የምትለዋን ቃል አዘጋጁ ቢሰርዛትም መልሷት። ዘመድ ደውሎ «እና እማዬ ትጠጣው?» ካላችሁ ደግሞ አሁን የምትወስደውን መድኃኒት ቀድማችሁ ጠይቁ። የእንቅልፍ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ የሚያፈዝ ቅጠል መደረብ አደጋ አለው። ስለዚህ ቅጠሉ ይቆይ፣ እሷም ሐኪሟን ታማክር።